የጭነት አከፋፋይ መሣሪያና የማይስማሙ የሲፒዩ ንባቦቹ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ የተሰጠው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነበር። ውጤቱም በዚያው ዓመት በጥር ወር ይፋ ሆነ። ለፈተናው ከተቀመጡት ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው በተሰማ ጊዜ ሀገሩ ሁሉ ስለ ትምህርት ጥራት ተነጋገረ፤ መነጋገሩም ተገቢ ነበር። ከዚህ ቁጥር በስተጀርባ ግን የኮምፒዩተርንና የመገናኛን መሐንዲስ በቀጥታ የሚመለከት ሌላ ሒሳብ አለ። 900,000 ሰው ውጤቱን ለማየት በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ቢጠይቅ በየሰከንዱ 250 ጥያቄ ይደርሳል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሰው ለእንዲህ ያለው ነገር ተራ አይጠብቅም። ግማሹ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ውስጥ ቢመጣ ጥያቄው በየሰከንዱ 750 ይሆናል። ገጹ አልከፈት ያለው ደግሞ ደጋግሞ ይነካዋል። ስለዚህ የጥያቄው ብዛት ከሕዝቡ ቁጥር ይልቅ የሕዝቡን ጭንቀት ተከትሎ ያድጋል።

እብናት ከአዲስ ዘመን ወደ ምሥራቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የደቡብ ጎንደር ወረዳ ከተማ ናት። ከገጠር ቀበሌ መጥቶ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የሚከታተል ተማሪ፣ በደጋው አገር ሁሉ እንደተለመደው፣ በከተማ ቤት ተከራይቶና ከወላጆቹ ዘንድ ስንቅ እያመላለሰ ይማራል፤ ከፈተናው በኋላም ወደ ቀየው ይመለሳል። ውጤት ወጣ ሲባል ወይ የስልክ ኔትወርክ ከሚገኝበት ጉብታ ላይ ይወጣል፣ ወይ የመለያ ቁጥሩን ከተማ ላለ ዘመዱ ልኮ ይጠባበቃል። እንዲህ ያለው ሰው የስልኩን ባትሪም የሞላውን ካርድም በቁጥር የያዘ ነው። ገጹ ሦስት ጊዜ ባይከፈትለት አራተኛውን ላይሞክር ይችላል። አልፎ ተርፎም ባዶውን ገጽ «ስምህ የለም» ማለት ነው ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። በአንድ የመሣሪያ ክፍል ውስጥ የታየ ቁጥር በትክክል መተርጎሙ ወይም አለመተርጎሙ እስከዚህ ጉብታ ድረስ ይሰማል።

የሁሉም ጥያቄ በመጀመሪያ የሚያርፈው ጭነት አከፋፋይ፣ በባለሙያው አነጋገር ሎድ ባላንሰር፣ በሚባለው መሣሪያ ላይ ነው። ይህ መሣሪያ ለውጭው ዓለም አንድ አድራሻ ብቻ እያሳየ ከኋላው ለተሰለፉት ሰርቨሮች ሥራውን ያድላል፤ ከመካከላቸው የታመመ ካለም ለማወቅ በየጊዜው ይመረምራቸዋል፤ ብዙውን ጊዜም ምሥጢራዊውን ግንኙነት ከተጠቃሚው ጋር የሚፈጽመው እርሱ ራሱ ነው። ከእነዚህ ተግባሮች ለሲፒዩው ከባዱ የመጨረሻው ነው፤ አዲስ ምሥጢራዊ ግንኙነት ሲጀመር የሚደረገው የቁልፍ ልውውጥ፣ ግንኙነቱ ከተመሠረተ በኋላ አንዲት አነስተኛ ገጽ ለመላክ ከሚያስፈልገው ስሌት እጅግ ይበልጣልና። ደጋግሞ የሚነካው ተጠቃሚ የሚያበዛውም በተለይ ይህንኑ ነው።

በውጤት ቀን በዚህ መሣሪያ ፊት የተቀመጠ አንድ ተረኛ መሐንዲስ ይታሰብ። መሣሪያው አራት ኮሮች አሉት፤ እያንዳንዱ ኮር ሁለት ሆኖ ስለሚታይ በስክሪኑ ላይ የሚቆጠሩት ስምንት ናቸው። ማዕበሉ ከጀመረ ገና 15 ሰከንዱ ነው። የመሣሪያው መቆጣጠሪያ ገጽ የሲፒዩ አጠቃቀም ከመቶ 50 ነው ይላል። መሐንዲሱ በትእዛዝ መስመር ገብቶ ቶፕ የተባለውን ፕሮግራም ሲከፍት ግንኙነቱን የሚያስተናግደው ፕሮግራም ብቻውን 360 በመቶ ይዞ ያገኘዋል። ኮሮቹን አንድ በአንድ ሲመለከት አራቱ 90 ላይ፣ አራቱ 10 ላይ ናቸው። የአስተናጋጆቹን ኮሮች አማካይ በኤስ.ኤን.ኤም.ፒ. አማካይነት በየአምስት ደቂቃው የሚመዘግበው የማዕከሉ ግራፍ ደግሞ 14 ላይ ተኝቷል። በዚህ መካከል ስልክ ይደወላል፤ የሥራ ኃላፊው «ይችላል ወይስ አይችልም?» ብሎ ይጠይቃል።

50ውን ያመነ «ገና ግማሽ ይቀረዋል» ብሎ ያረጋጋል። 360ውን ያየ ይደነግጥና መሣሪያውን አጥፍቶ ያስነሣል፤ በዚህም የተመሠረቱትን ግንኙነቶች በሙሉ ያፈርሳል። ይህን ባያደርግ እንኳ በማግሥቱ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ትልቅ መሣሪያ እንዲፈቀድ ማመልከቻ ይጽፋል። 14ቱን የያዘ ደግሞ ችግሩ ከመሥመሩ ነው ብሎ ጣቱን ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ይቀስራል። ሦስቱም በእጃቸው ማስረጃ አለ።

አራቱ ንባቦች እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ቢመስሉም አንዳቸውም ስሕተት የለባቸውም። እያንዳንዳቸው ለተለያየ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ናቸው። መቶኛ ማለት አንድ ነገር ለሌላ ነገር ሲካፈል የሚገኝ ውጤት እንደመሆኑ መጠን፣ ምን ለምን እንደተካፈለ፣ በስንት ጊዜ ውስጥ እንደተለካና ለኪው ከየት ቆሞ እንደለካ እስካልታወቀ ድረስ ቁጥሩ ብቻውን ትርጉም የለውም። ይህን የሀገሩ ገበያ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ገበያ ቁና ስለማይተካከል፣ አንዱም በአፉ ልክ ሲሰፈር ሌላው ተቆልሎ ስለሚሰፈር፣ «አሥር ቁና ጤፍ» የተባለው የየት ገበያ እንደሆነና እንዴት እንደተሰፈረ ሳይታወቅ ዋጋ የሚቆርጥለት ነጋዴ የለም። የኮምፒዩተር ባለሙያው ግን ስክሪን ላይ የወጣ መቶኛን ሁሉ በአንድ ቁና የተሰፈረ አድርጎ የመውሰድ ልማድ አለው።

ከአካፋዩ ይጀመር። ቶፕ በነባር አሠራሩ አንዱን ኮር 100 ብሎ ይቆጥራል፤ በአራት ኮር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም እስከ 400 ሊደርስ የሚችለው ስለዚህ ነው። ትልቁን የእንግሊዝኛ ፊደል አይ ሲጫኑት ግን ድምሩን በሚቆጠሩት ኮሮች ሁሉ ያካፍለዋል። 360 የነበረው ለስምንት ተካፍሎ 45 ይሆናል። የቀሩት አራት ኮሮች እያንዳንዳቸው የያዙት 10 ተደምሮ ለስምንት ሲካፈል 5 ነው፤ 45 እና 5 ደግሞ የመቆጣጠሪያው ገጽ ያሳየውን 50 ይሰጣሉ። ሁለቱ የቶፕ አቆጣጠሮች አይሪክስና ሶላሪስ በሚባሉት ነባር የዩኒክስ ዓይነቶች ስም ይጠራሉ፤ ይኸውም በጉዳዩ ላይ የዩኒክስ ሠሪዎች ራሳቸው እንዳልተስማሙ ያስረዳል። እንግዲህ 50፣ 90 እና 360 አንዱን ቅጽበት በሦስት አካፋይ የተናገሩ ናቸው።

ከሦስቱ የትኛው ለኃላፊው ጥያቄ ይመልሳል የሚለው ግን በሒሳብ ብቻ አይፈታም፤ አራት ኮር ስምንት ሆኖ የሚቆጠረው ለምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2002 ለገበያ ያቀረበው ሃይፐርትሬዲንግ የተባለው ብልሃት አንዱ ኮር ሁለት ሥራዎችን ጎን ለጎን እንዲይዝ ያደርጋል። በእብናትና በአካባቢው አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ እንደርሱ አንድ በሬ ያለውን ፈልጎ ይቀናጃል፤ ይህም መቀናጆ ይባላል። ሁለቱ በሬዎች ተጠምደው አንድ ቀን የአንዱን፣ አንድ ቀን የሌላውን ማሳ ያርሳሉ። ገበሬዎቹን የቆጠረ «ሁለት አራሽ አለ» ይላል፤ ቀንበሩን የቆጠረ «አንድ ጥማድ አለ» ይላል። ሃይፐርትሬዲንግም እንዲሁ ነው። አንደኛው ሥራ መረጃ ከማስታወሻ እስኪመጣለት በሚጠብቅበት ቅጽበት ሌላው በኮሩ ይጠቀማል፤ ይህ እውነተኛ ትርፍ ነው። ነገር ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሥራ ሲበዛባቸው ጥማዱ አንድ ሆኖ ይቀራል። ከገበሬዎቹ አንዱ ዛሬ አላረሰም ማለት ግማሽ ጥማድ ተርፏል ማለት አይደለም።

ኤፍ ፋይቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሚሠራው ቢግ አይፒ በተባለ ጭነት አከፋፋይ ላይ ይህ ነገር ጎልቶ ይታያል። ከ11.5 እትም ጀምሮ፣ ሃይፐርትሬዲንግ ባላቸው ሞዴሎች ላይ፣ የሕዝቡን ግንኙነት የሚያስተናግደው ቲ.ኤም.ኤም. የተባለ ክፍል ተጋማሽ ቁጥር ባላቸው ኮሮች ላይ ይሠራል፤ የመቆጣጠሪያው ገጽ፣ የመዝገብ አያያዙና የመሳሰለው የአስተዳደር ሥራ ደግሞ ኢተጋማሽ ቁጥር ባላቸው ላይ ይሠራል። የአስተናጋጁ ሥራ ሲከብድ አስተዳደሩ ከኮሩ የሚወስደው ድርሻ ይገታል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ የስምንቱ አማካይ 50 ነው ሲባል ሕዝቡ የሚጠቀምበት ግማሽ 90 ላይ ሊሆን መቻሉ ነው። የቀረው 10 ደግሞ ለሕዝቡ የሚውል ክፍት ቦታ አይደለም፤ የአስተዳደሩ ድርሻ ነው። ሁለተኛው ከዚህ የባሰ ያሳስታል። መቆጣጠሪያው ገጽ በመንቀርፈፉ መሣሪያው እየሞተ ነው ብሎ የሚደነግጥ ተረኛ፣ መሣሪያው ለሕዝቡ ቅድሚያ ሰጥቶ በደንብ እየሠራ ባለበት ሰዓት ላይ ሊያጠፋው ይችላል። ተቃራኒውም አለ፤ ከባድ ዘገባ በማዘጋጀት ላይ ያለ አስተዳደር አማካዩን ከፍ አድርጎት፣ አስተናጋጆቹ ግን 20 ላይ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ።

አማካይ የሚደብቀው ሌላም ነገር አለ። አራቱ አስተናጋጆች አንዱ 100፣ ሦስቱ 30 ቢሆኑ አማካያቸው 47.5 ነው፤ በአንደኛው ላይ የወደቀው ሰው ግን መቶ በመቶ ተጎጂ ነው። ይህ ዓይነቱ መዛባት የሚመጣው መሣሪያው ሥራውን ለኮሮቹ የሚያድልበት ቀመር የጠያቂውን አድራሻ ብቻ የሚመለከት ሲሆን ነው። በተንቀሳቃሽ ስልክ መረብ ላይ እጅግ ብዙ ተጠቃሚዎች በጥቂት የወል አድራሻዎች በኩል መውጣታቸው የተለመደ ስለሆነ፣ ለቀመሩ የአንድ አካባቢ ሰው ሁሉ አንድ ሰው ይመስለዋል። ቀመሩ የወደብ ቁጥሩንም እንዲጨምር ከተደረገ መዛባቱ በአብዛኛው ይቃለላል። ለዚህ የሚወጣ አንድም ዶላር የለም።

እስካሁን የተነገረው መሣሪያው ሥራ ላይ ነኝ ሲል እውነቱን ነው በሚል ግምት ነው። እርሱም ሁልጊዜ አይያዝም። በገጠር ከተማ የናፍጣ ወፍጮ ያየ ሰው ሞተሩ ተነሥቶ ድንጋዩ ሲዞር ከሩቅ በድምፁ ያውቃል፤ ቋቱ ውስጥ እህል መኖር አለመኖሩን ግን ድምፁ አይነግረውም። ዲ.ፒ.ዲ.ኬ. በተባለው የፕሮግራም ስብስብ ላይ የተሠሩ ጭነት አከፋፋዮች እንዲህ ናቸው። የተለመደው አሠራር ፓኬት ሲደርስ የመረብ ካርዱ ሲፒዩውን እንዲቀሰቅሰው ነው። እነዚህ ግን ቅስቀሳውን ትተው ካርዱን ያለማቋረጥ «መጣ? መጣ?» እያሉ ይጠይቁታል። ፍጥነቱ ከፍተኛ ነው፤ በዚህ ምክንያት ኮሩ ሌሊት አንድም ሰው በሌለበት ሰዓት እንኳ 100 ይነበባል። በእንዲህ ያለ መሣሪያ ላይ የሊኑክስን መቶኛ መጠየቅ የሞተሩን ሰዓት ቆጥሮ የተፈጨውን ኩንታል እንደመገመት ነው። ትክክለኛው ጥያቄ ከጠየቀው ጊዜ ውስጥ ስንቱን ፓኬት አገኘ፣ ስንቱን ባዶ ተመለሰ የሚለው ነው፤ ይህንንም የሚያውቀው ፕሮግራሙ ራሱ ስለሆነ ከራሱ ቆጣሪ መጠየቅ ይገባል።

የዚህ ግልባጭ ደግሞ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ በሚሠራው ኤል.ቪ.ኤስ. በተባለው ጭነት አከፋፋይ ላይ ይገኛል። ቻይናዊው ዌንሶንግ ዣንግ እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረው ይህ ሥራ ፓኬቱን የሚያስተላልፈው በከርነሉ ውስጥ፣ ሶፍት ኢንተራፕት በሚባለው ደረጃ ነው። ይህ ጊዜ በየትኛውም ተራ ፕሮግራም ስም አይመዘገብም። ስለዚህ መሐንዲሱ የፕሮግራሞቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ቢያይ ሁሉም ዜሮ አካባቢ ናቸው፤ ኮሩ ግን ሞልቷል። ሌባ የሌለበት ጉድለት ይመስላል። ኤምፒስታት የተባለው ፕሮግራም የየኮሩን ጊዜ በየዓይነቱ ከፍሎ ስለሚያሳይ በዚያ ላይ ሶፍት የሚለውን ዓምድ የተመለከተ ጉድለቱ የት እንደገባ ወዲያው ያገኘዋል።

ከአካፋዩ ቀጥሎ የሚመጣው የጊዜው ርዝመት ነው። የማዕከሉ ግራፍ 14 ያለው እንዲህ ነው። ካለፉት 300 ሰከንዶች ውስጥ 285ቱን አስተናጋጆቹ በ10 አሳልፈዋል፤ 15ቱን ብቻ በ90። ሁለቱ ተባዝተው ተደምረው ለ300 ሲካፈሉ 14 ይመጣል። ግራፉ አልዋሸም፤ የተጠየቀው ያለፉትን አምስት ደቂቃዎች ነውና ስለ እነርሱ መለሰ። በእብናት ያለው ሰው ግን የሚኖረው በእነዚያ 15 ሰከንዶች ውስጥ ነው። ብዙ የመከታተያ ሥርዓቶች ከጥቂት ቀናት በኋላ የአምስት ደቂቃውን ንባብ ወደ ሰዓት አማካይ ስለሚያጠቃልሉት፣ ከሳምንት በኋላ «በዕለቱ ምን ሆነ?» ብሎ የሚመረምር ሰው ማዕበሉን እስከ ጭራሹ ላያገኘው ይችላል። አማካዩ ሲጠቃለል ከፍተኛው ንባብም አብሮ እንዲቀመጥ ማዘዝ የሚቻል ነገር ነው። ቪኤምስታት የተባለው ፕሮግራም የሚያወጣው የመጀመሪያ መስመር ደግሞ መሣሪያው ከተነሣበት ቀን ጀምሮ ያለውን አማካይ የሚናገር ስለሆነ፣ ያን መስመር ለአሁኑ ንባብ የወሰደ ሰው የወራትን ዕረፍት እያነበበ መሆኑን ልብ አይልም።

ሰዓትን በተመለከተ ኢትዮጵያዊው መሐንዲስ የውጭ መጻሕፍት የማይነግሩት ተጨማሪ ችግር አለበት። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የተደረገ ነገር በተረኛው መዝገብ 7 ተብሎ ይጻፋል፤ በኮምፒዩተሩ የአዲስ አበባ ሰዓት 1 ይሆናል፤ መሣሪያው በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚመዘግብ ከሆነ ደግሞ የቀደመው ቀን 22 ሰዓት ነው። ቀኑም በሁለት የዘመን አቆጣጠር ይጻፋል። ሁለት ንባቦች ተጋጩ ተብሎ ረጅም ክርክር ከተደረገ በኋላ፣ ንባቦቹ የአንድ ሌሊት አለመሆናቸው የሚታወቅበት ጊዜ አለ። መሣሪያዎቹን ሁሉ በኤን.ቲ.ፒ. ከአንድ የሰዓት ምንጭ ጋር ማስማማት፣ በተረኛው መዝገብ ላይም ሁለቱን ሰዓቶች ጎን ለጎን መጻፍ ሥራው ጥቂት ነው።

ለኪው የቆመበት ቦታ የሚለው በአጭሩ ሊታለፍ ይችላል። ጭነት አከፋፋዩ በምናባዊ ማሽን ላይ የተጫነ ከሆነ እንግዳው ስለ ራሱ የሚያየውና ባለቤቱ ኮምፒዩተር ስለ እንግዳው የሚያየው አንድ አይሆንም። እንግዳው ተራ ሲጠብቅ ያለፈበትን ጊዜ ሊኑክስ ስቲል ብሎ ለብቻው ይቆጥረዋል፤ ይህ ቁጥር ከፍ ካለ የሚፈለገው መፍትሔ በእንግዳው ላይ ሳይሆን በጎረቤቶቹ ላይ ነው። ሎድ አቬሬጅ የሚባለው ቁጥር ደግሞ ከነጭራሹ የሲፒዩ መቶኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 በቴኔክስ ሥርዓት ላይ በታወቀበት ጊዜ ሲፒዩ የሚጠብቁትን ሥራዎች ይቆጥር ነበር፤ ሊኑክስ ግን እ.ኤ.አ. በ1993 ዲስክና የመሳሰለውን የሚጠብቁትንም ጨመረበት። በመሆኑም መዝገብ የሚጻፍበት ዲስክ በመዘግየቱ ብቻ ሎድ አቬሬጁ 9 ሆኖ ሲፒዩው ሊያዛጋ ይችላል።

በ50 እና በ90 መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል መጨቃጨቂያ የሆነበት ምክንያት በስልክ መሐንዲሶች ዘንድ ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ የታወቀ ነው። ዴንማርካዊው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ሲሠራ ስለ ስልክ ጥሪዎች አመጣጥ የመጀመሪያ ጽሑፉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1909 ነበር። ከእርሱ የጀመረው የወረፋ ትምህርት በቀላሉ ምሳሌው፣ ማለትም ደንበኞች እንደ አጋጣሚ በሚመጡበትና አንድ አገልጋይ ባለበት ወረፋ፣ የሚከተለውን ያሳያል። አገልጋዩ 50 በመቶ ሲያዝ ደንበኛው በወረፋውም በአገልግሎቱም የሚያሳልፈው ጊዜ ያለ ወረፋ ከሚያስፈልገው 2 እጥፍ ነው፤ 90 ሲደርስ 10 እጥፍ፤ 95 ሲደርስ 20 እጥፍ። ከ90 ወደ 95 የተደረገችው ትንሽ እርምጃ የደንበኛውን ጊዜ እጥፍ አደረገችው። እውነተኛው መሣሪያ ከዚህ ቀላል ምሳሌ ቢለይም አቅጣጫው ያው ነው። ስለዚህ ለኃላፊው ጥያቄ የሚመልሰው ንባብ 90 ነው። «አሁን ይችላል፤ ጥቂት ከጨመረ ግን ወረፋው ድንገት ይረዝማል» የሚል መልስ ይሰጣል እንጂ «ግማሽ ይቀረዋል» የሚል መልስ አይሰጥም።

ይሁን እንጂ መቶኛው፣ በትክክል የተመረጠው እንኳ፣ ምስክር እንጂ ፈራጅ አይደለም። የሚፈርዱት ወረፋውና የወደቀው ናቸው። ሊኑክስ ሶፍትኔት ስታት በሚባለው ሠንጠረዥ ለየኮሩ አንድ መስመር ይመድባል፤ ሁለተኛው ዓምድ ቦታ አጥተው የተጣሉትን ፓኬቶች፣ ሦስተኛው ዓምድ ደግሞ ሥራው ሳያልቅ የተመደበለት ጊዜ ወይም ኮታ ያለቀበትን ብዛት ይናገራል። ቁጥሮቹ በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን ያላስተዋለ አንባቢ 10ን አሥር እያለ ያነባል፤ 16 ነው። ኤችኤፕሮክሲ የተባለው በነፃ የሚገኝ ጭነት አከፋፋይ ከጊዜው ስንቱን በእረፍት እንዳሳለፈ ራሱ ይናገራል፤ ይህም ከውጭ ከሚታየው መቶኛ ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ነው። በየሰከንዱ የተጀመሩትንና የተሳኩትን ምሥጢራዊ ግንኙነቶች ማነጻጸርም እንዲሁ። ሁለቱ ቁጥሮች መራራቅ ከጀመሩ፣ መቶኛው ምንም ይሁን ምን፣ በር ላይ የቀረ ሰው አለ።

ከሁሉም ይልቅ አሳሳች የሚሆነው ዝቅተኛ ንባብ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። የዚያው ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይፋ የሆነው በመስከረም 2016 ዓ.ም.፣ መሥመሩ ሳይመለስ ነበር። መንገዱ የተዘጋበት ተማሪ በጭነት አከፋፋይ ላይ የሚያሳርፈው ሸክም የለም። ከእብናት የማይመጣ ጥያቄ፣ ምንም ችግር ስለሌለበት ከማይጠይቅ ሰው ዝምታ ጋር በሲፒዩው ንባብ ላይ አንድ ሆኖ ይታያል። መሣሪያው የሚያውቀው የደረሰውን ብቻ ነው።

በመሆኑም ለውጤት ቀን የሚዘጋጅ ክፍል አንድ ለኪ ከመሣሪያው ውጭ ማቆም ይገባዋል። ይህ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። እንደ እብናት ባለ ከተማ የተቀመጠ አንድ ተራ ስልክ በየደቂቃው የውጤቱን ገጽ ጠይቆ፣ ግንኙነቱን ለመመሥረት የፈጀውን ሰከንድና ገጹ እስኪመጣ የፈጀውን ሰከንድ ለየብቻ ቢመዘግብ ይበቃል፤ መሥመሩ ሲቋረጥ ደግሞ የመዝገቡ ባዶ መስመር ራሱ ንባብ ይሆናል። ይህ ዓምድ ከአስተናጋጆቹ ኮሮች ንባብ ጎን ሲቀመጥ ክርክሩ ያጥራል። የመጀመሪያው ሰከንድ ረዝሞ አስተናጋጆቹም 90 ላይ ከሆኑ መሣሪያው በቁልፍ ልውውጥ ተጨናንቋል። በዚህ ጊዜ ትልቅ መሣሪያ ከመጠየቅ በፊት የቀድሞውን ግንኙነት መልሶ የመጠቀም ፈቃድ መከፈቱን ማየት ይገባል፤ የመለያ ሰርተፊኬቱም አር.ኤስ.ኤ. በተባለው ቁልፍ ብቻ የተሠራ ከሆነ ለሰርቨሩ እጅግ የሚቀለውን በኤሊፕቲክ ከርቭ ላይ የተመሠረተውን ማስገባት ይቻላል። ግንኙነቱ ፈጥኖ ገጹ ከዘገየ ጥፋቱ ከኋላ ካሉት ሰርቨሮች ወይም ከመረጃ ቋታቸው ነው። አስተናጋጆቹ 30 ላይ ሆነው ሁለቱም ሰከንዶች ከረዘሙ በመጀመሪያ በመካከል ያለው መሥመር ይመርመር። ስልኩ ፈጥኖ እየተመለሰለት ግራፉ 100 ካሳየ ግን ወፍጮው ባዶውን እየዞረ ነውና ተረኛው መሣሪያውን ሳይነካ ስልኩን ያንሣና ለኃላፊው ከእብናት የመጣውን ሰከንድ ያንብብለት።